ፍላጻው አልቀና ሲል፦ ለጀማሪ የረጅም ደጋን ቀስተኛ የመፍትሔዎች ንጽጽር

ረጅም ደጋን የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ዒላማውን መሳቱን ትቶ የፍላጻውን አካሄድ መመልከት ይጀምራል። ፍላጻው ጅራቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ፣ አንዳንዴም ሽቅብና ቁልቁል እየነቀነቀ ይሄዳል፤ ዒላማው ላይ ሲደርስም ቀጥ ብሎ ሳይሆን አጋድሎ ይሰካል። በዚህ ጊዜ መካሪ አይጠፋም። አንዱ «ጫፉን አክብደው» ይላል፤ ሌላው «ዘንጉን ቁረጠው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እንጨቱን ተወውና ካርቦን ግዛ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምክሮች ለአንድ ሕመም የተሰጡ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው ፈጽሞ ተቃራኒ ነው፤ ጫፍ ማክበድ ዘንጉ በቀላሉ እንዲጎብጥ ያደርጋል፣ መቁረጥ ደግሞ ያግትረዋል። ስለዚህ በአንዱ የሚድን ፍላጻ በሌላው ይባባሳል።

በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ ወይም በቡራዩ ዳርቻ ባለ ሜዳ ለሚለማመድ ሰው ይህ ስሕተት ዋጋው ከባድ ነው። ጥሩ ፍላጻ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል፤ አለቦታው የተቆረጠ ዘንግም ተመልሶ አይቀጠልም። ይህ መመሪያ በጀማሪው ፊት ያሉትን ሰባት መፍትሔዎች የሚያነጻጽረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ማስቀደም ያስፈልጋል። በዕለት ንግግር «ቀስት» የሚለው ቃል ለሁለቱም ዕቃዎች ያገለግላል፤ ቀስተ ደመና የሚለው ስያሜ እንደሚያሳየው ግን ቃሉ ጥንት የጎበጠው መሣሪያ ስም ነበር። እዚህ ላይ ግራ እንዳያጋባ የሚሳበውን «ደጋን»፣ የሚወረወረውን «ፍላጻ» ብያለሁ። በፍላጻው ኋላ አውታሩ የሚገባበትን ስንጥቅ «መሰኪያ» እለዋለሁ።

በመጀመሪያ፦ ጥፋቱ የእጅ ነው፣ የአንዱ ፍላጻ ነው ወይስ የሁሉም?

መፍትሔ ከመምረጥ በፊት ስድስት ፍላጻዎች ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይጻፉና ከ10 ሜትር ርቀት ሦስት ዙር ይወርውሩ። የእያንዳንዱን አካሄድ በደብተር ይመዝግቡ። ከዚህ ምዝገባ ከሦስቱ መልኮች አንዱ ይወጣል።

ጥፋቱ በየውርወራው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ማለትም 3 ቁጥር አንዴ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሌላ ጊዜ ከተወዛወዘ፣ ችግሩ ያለው በእጅ ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚያጠፋው ያው አንዱ ቁጥር ከሆነ ያ ፍላጻ ጠምሟል፣ መሰኪያው ዞሯል ወይም ላባው ተጎድቷል፤ እሱን ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል። ስድስቱም በየዙሩ አንድ ዓይነት ጥፋት ካሳዩ ግን ደጋኑና ፍላጻዎቹ አልተስማሙም ማለት ነው። ከታች ከተዘረዘሩት መፍትሔዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚህ በሦስተኛው ሁኔታ ብቻ ነው። ይህን ሳይለዩ ወደ ገበያ መሄድ የጀማሪዎች ትልቁ ብክነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የእጅ ጥፋት ያለበት ሰው አሥር ዓይነት ዘንግ ቢሞክር አሥሩም ይወዛወዙበታል።

መመዘኛዎቹ

እያንዳንዱን መፍትሔ በአራት ነገሮች መዝኛለሁ፦ የትኛውን ጥፋት ያድናል፣ ካልሠራ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል ወይ፣ ምን ያህል ያስወጣል፣ ዕቃውስ በአዲስ አበባ በቀላሉ ይገኛል ወይ። ከአራቱ ክብደት የምሰጠው ለሁለተኛው ነው፤ ሊመለስ የሚችል ሙከራ ቢከሽፍ እንኳ ትምህርት ይሆናልና።

1. እጅን ማስተካከል

የተለመዱት የእጅ ጥፋቶች ጥቂት ናቸው። አውታሩን ሲለቁ እጅን ከፊት ወደ ውጭ መንጠቅ፣ ፍላጻውን በጣቶች መሐል ጨምቆ መያዝ፣ እጀታውን አንቆ መጠምዘዝ፣ ከመልቀቅ በፊት ስበቱን ወደ ፊት መመለስ ዋነኞቹ ናቸው። ፍላጻውን መጨመቅ በተለይ ጀማሪን ያታልላል፤ ዘንጉ ከመደገፊያው (በእጀታው ላይ ፍላጻው ከሚያርፍበት ቦታ) ላይ ተነሥቶ እንዲነጥር ስለሚያደርግ ጥፋቱ የመሰኪያው ቦታ ይመስላል።

ለዚህ የሚሆነው ልምምድ ከዒላማው 3 ሜትር ላይ ቆሞ፣ ፊት ለፊት ማንም አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ ዓይንን ጨፍኖ መወርወር ነው። ዓይን ሲዘጋ ሐሳብ ሁሉ ወደ ጣትና ወደ ትከሻ ይሄዳል። አሮጌ ጨርቅና ካርቶን አጥብቆ የታጨቀበት የማዳበሪያ ጆንያ ለዚህ ልምምድ በቂ ዒላማ ነው። ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው የሳምንታት ትዕግሥት ነው።

2. የመሰኪያውን ቦታ በአውታሩ ላይ ማስተካከል

ፍላጻው ሽቅብና ቁልቁል የሚነቀነቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው። ፍላጻው በደጋኑ ላይ ተቀምጦ ከአውታሩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሚሠራበት ነጥብ ከ10 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መሰካት ለረጅም ደጋን የተለመደ መነሻ ነው። ከላይኛው ወሰን ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ ዝቅ ብሎ የተሰካ ፍላጻ የኋላው ጫፍ ከመደገፊያው ወይም ከእጅ ጋር እየተጋጨ ስለሚነጥር የሐሰት ምልክት ያሳያል። ለምልክቱ በአውታሩ ላይ የሚጠመጠም የልብስ ስፌት ክርና ጠብታ ሙጫ ይበቃል።

በዚሁ አጋጣሚ የመሰኪያውን ጥብቀት ይፈትሹ። ፍላጻው በአውታሩ ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት፣ አውታሩ በጣት ሲመታ ደግሞ መውደቅ አለበት። ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ከሆነ ስንጥቁን በቀጭን የአሸዋ ወረቀት ማስፋት ያስፈልጋል።

3. የአውታሩን ርቀት መለወጥ

ደጋኑ ሲወጠር አውታሩ ከእጀታው የሚርቅበት ልክ ለአብዛኞቹ ረጅም ደጋኖች ከ15 እስከ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። የእንግሊዝ ዓይነቱ ወደ ዝቅተኛው፣ ጠፍጣፋ ክንፍ (ከእጀታው በላይና በታች ያለው የሚጎብጥ ክፍል) ያለው የአሜሪካ ዓይነት ደግሞ ወደ ከፍተኛው ያደላል። አውታሩ ሲከረር ርቀቱ ይጨምራል፣ ሲላላ ይቀንሳል። ርቀቱ ሲያንስ ደጋኑ ይጮኻል፣ አውታሩ የእጅ አንጓን ይገርፋል፣ ፍላጻውም ከአውታሩ ሳይላቀቅ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚገፋ የእጅ ጥፋት ሁሉ ይጎላበታል። አዲስ አውታር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ ርቀቱ ሳይታወቅ እንደሚወርድ ማስታወስ ይገባል። ይህ መፍትሔ ጥቃቅን መወዛወዝን ያርማል እንጂ ያልተስማማ ዘንግን አያድንም።

4 እና 5. ጫፍ መለወጥና ዘንግ መቁረጥ

እነዚህን አብሬ የማያቸው አንድ በር በሁለት አቅጣጫ የሚከፍቱ ስለሆኑ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል።

የረጅም ደጋን እጀታ እስከ መሐል ተቦርቡሮ ለፍላጻ መንገድ አይተውም። ስለዚህ በቀኝ እጁ የሚስብ ሰው ፍላጻ ሲሰካ ወደ ግራ ያመለክታል። አውታሩ ሲለቀቅ ዘንጉ ጎብጦ እጀታውን እየዞረ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ዒላማው የሚቀናው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ያሳየው ይህንኑ ነው። ዘንጉ ከልክ በላይ ግትር ከሆነ መዞር አቅቶት ወደ ግራ ይገፋል፤ ከልክ በላይ የሚጎብጥ ከሆነ ወደ ቀኝ ያልፋል። የዚህ የግትርነት ልክ በቀስተኞች ዘንድ «ስፓይን» ይባላል።

የሚፈተነው ላባ በሌለው ዘንግ ነው። ጫፉና ርዝመቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል የሆነ አንድ ዘንግ ላባው ይነሣለትና ላባ ካላቸው ሦስት ፍላጻዎች ጋር በመጀመሪያ ከ8፣ ቀጥሎ ከ15 ሜትር ይወረወራል። ለቀኝ እጅ ሳቢ፣ ላባ የሌለው ከሌሎቹ በስተግራ ካረፈ ዘንጉ ግትር ነው፤ በስተቀኝ ካረፈ ብዙ ይጎብጣል። ለግራ እጅ ሳቢ ይህ ይገለበጣል። ከሌሎቹ በታች ካረፈ መሰኪያው ከፍ ብሏል፣ በላይ ካረፈ ዝቅ ብሏል። የላይና የታቹ ሳይስተካከል የግራና የቀኙን መፍረድ አይገባም፤ ከደጋኑ ጋር የሚጋጭ ፍላጻ ወደማይጠበቅበት አቅጣጫ ሊነጥር ይችላል። ግጭት መኖሩን ለማወቅ መደገፊያው ላይ ጠመኔ ይቀቡና ከውርወራው በኋላ ላባው ላይ ነጭ ምልክት መኖር አለመኖሩን ይዩ።

አንድ የማውቀው የለገጣፎ ወጣት 35 ፓውንድ የሚል ምልክት (ደጋኑን ለመሳብ የሚያስፈልገው ክብደት) ያለበት ደጋን ነበረው። እኅቱ ከውጭ ያመጣችለት ፍላጻዎች 500 የሚል የስፓይን ቁጥር ያላቸው ካርቦኖች ነበሩ (የቁጥሩ ትርጉም በ7ኛው ላይ ተብራርቷል)። ላባ የሌለው ዘንግ ከሌሎቹ ስንዝር ተኩል ያህል በስተግራ ተሰካ። ወጣቱ መጋዙን ይዞ ሊቆርጥ ተነሥቶ ነበር፤ ቢቆርጠው ኖሮ አስቀድሞ የገተረውን ዘንግ የባሰ ሊያገትረው ነበር። ስበቱን፣ ማለትም አውታሩን የሚስብበትን ርዝመት፣ ስንለካው 26 ኢንች ሆነ። በደጋን ላይ የሚጻፈው ክብደት ግን በ28 ኢንች ስበት የሚለካ ነው፤ ከዚያ በታች በእያንዳንዱ ኢንች ወደ 2 ወይም 2 ከግማሽ ፓውንድ ይቀንሳል። በጣቱ ላይ የነበረው ክብደት እንግዲህ 30 ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። የ100 ግሬኑን (ግሬን የፍላጻ ክብደት መለኪያ ነው፤ 15ቱ 1 ግራም ገደማ ይሆናል) ጫፍ በ200 ግሬን ስንተካው ልዩነቱ ወደ አራት ጣት ወረደ። የቀረውን አራት ጣት ማጥፋት አልቻልንም፤ ዘንጉ ለእርሱ የተሠራ አልነበረም።

ከዚህ የምወስደው ፍርድ ግልጽ ነው። ጫፍ መለወጥ የሚፈታና የሚመለስ ስለሆነ ሁልጊዜ ከመቁረጥ ይቀድማል። መቁረጥ የሚፈቀደው ዘንጉ ብዙ እንደሚጎብጥ በተደጋጋሚ ሲረጋገጥ ብቻ ሲሆን፣ ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ነው። ሙሉ ስበት ላይ ጫፉ ከደጋኑ ፊት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር መትረፍ አለበት፤ ከዚያ ያጠረ ፍላጻ ወደ ኋላ ሾልኮ እጅን ሊወጋ ይችላል።

6. ላባ

ላባ የፍላጻውን ኋላ በአየር እየጎተተ ያቀናዋል። ለረጅም ደጋን የተፈጥሮ ላባ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ እጅን ወይም መደገፊያን ሲነካ ይተኛና ያልፋል፣ ፕላስቲኩ ግን ገፍቶ ፍላጻውን ያስነጥረዋል። በአንድ ፍላጻ ላይ ያሉት ሦስቱ ላባዎች ከአንድ ወገን ክንፍ የመጡ መሆን አለባቸው።

የእኛ ከፍታ እዚህ ላይ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ በመሆኑ ላባው የሚያቀናበት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት 4 ኢንች ከሆነው ላባ ይልቅ ለጀማሪ 5 ኢንቹን እመርጣለሁ። በክረምት የረጠበ ላባ ደግሞ ተጣብቆ ሥራውን ይተዋል፤ ሲደርቅ በፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ለአፍታ ቢያዞሩት ቅርጹ ይመለሳል። ትልቅ ላባ ግን ያልተስማማ ዘንግን ይሸፍናል እንጂ አያርምም፤ ስለዚህ በ4 እና 5 ላይ ከተገለጸው የላባ አልባ ዘንግ ፈተና በፊት ላባ ማሳደግ ምልክቱን መደበቅ ነው።

7. ሌላ ዘንግ መያዝ

እዚህ የሚደረሰው የቀሩት ሁሉ ተሞክረው ነው። ምርጫው በዋናነት በእንጨት፣ በቀርከሃ፣ በአልሙኒየምና በካርቦን መካከል ይሆናል። ፋይበርግላስ ከባድና ግትርነቱ የተዘበራረቀ ስለሆነ ለሕፃናት መለማመጃ ካልሆነ አልመክረውም።

ከሁሉ በፊት የቁጥሮቹን ነገር መረዳት ይገባል፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የእንጨት ስፓይን በፓውንድ ሲጻፍ ቁጥሩ ሲያድግ ዘንጉ ይገትራል። የካርቦን ቁጥር ግን ዘንጉ ምን ያህል እንደሚረግብ በኢንች ሺኛ የሚናገር ስለሆነ ቁጥሩ ሲያድግ ዘንጉ ይበልጥ ይጎብጣል። ስለዚህ 700 ከ500 የለሰለሰ ነው።

የእንጨትና የቀርከሃ ስፓይን በቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። በአንድ ጣውላ ላይ ሁለት ሚስማሮች በ66 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይመቱና ዘንጉ በላያቸው ይጋደማል። በወጥ ቤት ሚዛን ከነውሃውና ከነማንጠልጠያው በትክክል 907 ግራም የሚመዝን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከመሐሉ ይንጠለጠላል። ዘንጉ የረገበበትን በሚሊ ሜትር ለክተው 660ን ለዚያ ቁጥር ሲያካፍሉ ስፓይኑ በፓውንድ ይገኛል። ለምሳሌ 22 ሚሊ ሜትር የረገበ 30 ፓውንድ፣ 16.5 የረገበ 40 ፓውንድ ነው። መደገፊያው እስከ መሐል ላልተቦረቦረ ደጋን በጣትዎ ከሚስቡት ክብደት ጋር እኩል የሆነውን ወይም 5 ፓውንድ ዝቅ ያለውን መነሻ ያድርጉ።

እንጨት ለረጅም ደጋን የታወቀ ጓደኛ ነው፤ በክብደቱ ደጋኑን ይጠብቃል፣ ይጠገናል፣ ቢጠምም በእንፋሎት ሙቀት ይቀናል። የእንጨቱ የዕድገት ቀለበት መስመር ከአውታሩ ጋር መስቀለኛ ሆኖ መሰካት አለበት። ከአካባቢያችን እንጨቶች ባሕር ዛፍ በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራም ይጠማዘዛል። ለእርሳስ መሥሪያ የሚያገለግለው የሐበሻ ጥድ ቀጥ ያለ ጭረት አለው፤ ይሁንና ለዚህ ሲባል ዛፍ መቁረጥ አይገባም፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ የደረቀ እንጨት ይበቃል።

ቀርከሃ ብርቱና ርካሽ ነው። የደጋው ቀርከሃ ግን ወፍራም ስለሆነ ተሰንጥቆና ተልጎ ክብ ዘንግ መሆን ይኖርበታል፤ ይህ የአናጺ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስፓይናቸው የተቀራረበ ስድስት ዘንጎች ለማግኘት ሃያ ያህል መሥራት እንደሚያስፈልግ ከሥራው አይቻለሁ።

አልሙኒየም ሁሉም እኩልና ቀጥ ያለ በመሆኑ ለመማር እጅግ ይመቻል፤ ድንጋይ ሲመታ ግን ይጎብጣል። ካርቦን አይጠምም፣ ይሁን እንጂ ቀላል ነው። ለረጅም ደጋን ፍላጻው ለእያንዳንዱ ፓውንድ ስበት ከ8 እስከ 10 ግሬን ቢመዝን ይመረጣል፤ ለ35 ፓውንድ 10 ግሬን ሲሰላ 350 ግሬን ወይም 23 ግራም ገደማ ነው። ካርቦን ሲሰነጠቅ ስንጥሩ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ከፊት አርቆ በቀስታ አጉብጦ ማዳመጥና መመርመር ግዴታ ነው፤ የተንጫጫ ዘንግ አይወረወርም።

| መፍትሔ | የሚያድነው ጥፋት | ይመለሳል? | ወጪ | በአዲስ አበባ |
|---|---|---|---|---|
| እጅን ማረም | በየውርወራው የሚለዋወጥ | — | የለም | የትም |
| የመሰኪያ ቦታ | ሽቅብና ቁልቁል መነቅነቅ | አዎ | እጅግ ዝቅተኛ | ክርና ሙጫ |
| የአውታር ርቀት | ጥቃቅን መወዛወዝ፣ ጩኸት | አዎ | የለም | የትም |
| ጫፍ ማክበድ | ግትር ዘንግ | አዎ | መካከለኛ | ከውጭ |
| ዘንግ መቁረጥ | ብዙ የሚጎብጥ ዘንግ | አይደለም | የለም | የትም |
| ትልቅ ላባ | ቀስ ብሎ የሚቀና ፍላጻ | በከፊል | መካከለኛ | በችግር |
| ሌላ ዘንግ | ከልክ የወጣ ስፓይን | — | ከፍተኛ | እንጨትና ቀርከሃ በአናጺ፣ የቀረው ከውጭ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ገንዘብ ለማውጣት ያልተዘጋጀ ሰው ከ1 እስከ 3 ያሉትን በቅደም ተከተል ይሥራ፤ በእኔ ግምት ብዙው ጀማሪ ከዚያ ወዲያ መሄድ አያስፈልገውም። ትንሽ አቅም ያለው ሰው አዲስ ፍላጻ ከመግዛት ይልቅ 100፣ 125፣ 150 እና 200 ግሬን የሚመዝኑ ጫፎችን ቢይዝ የበለጠ ይማርበታል።

ወደ ውድድር የሚያስብ ሰው ከጅምሩ እንጨት ይምረጥ፤ ወርልድ አርቸሪ (የዓለም የቀስት ስፖርት ፌዴሬሽን) በስሪ-ዲ ውድድሮች (የእንስሳት ቅርጽ ባላቸው ዒላማዎች በሚካሄዱት) ለረጅም ደጋን ምድብ የሚፈቅደው የእንጨት ፍላጻ ብቻ ነው። አንድ ደጋን ለቤተሰብ የሚጋሩ ሰዎች የስበት ርዝመታቸው ስለሚለያይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍላጻ አይስማማም፤ ለእነርሱ ሁለት የተለያየ ስፓይን ያላቸው የአልሙኒየም ስብስቦች፣ በተለያየ ቀለም ላባ የተለዩ፣ ይሻላሉ።

ከውጭ በሚመጣ ሰው የሚያስልክ ሁሉ ደግሞ ሦስት ነገሮችን ጽፎ ይላክ። አንደኛው በራሱ አካል የተለካ የስበት ርዝመት ነው። ሁለተኛው በዚያ ርዝመት ላይ በሻንጣ መመዘኛ ተስቦ የታየ ክብደት ነው፤ መመዘኛው 13.6 ኪሎ ካሳየ 30 ፓውንድ ማለት ነው። ሦስተኛው «ዘንጎቹ ሳይቆረጡ ይምጡ» የሚል ማሳሰቢያ ነው። ከተቻለ በአንድ ዓይነት ደርዘን ፈንታ ከሦስት ተከታታይ ስፓይኖች ሁለት ሁለት ዘንግ ይምጣለት፤ የላባ አልባውን ፈተና በስድስቱ ላይ ሠርቶ ትክክለኛውን ሲያገኝ ቀሪውን በሚቀጥለው መንገደኛ ማስመጣት ይችላል።